ግራውን ቀኝ የምትለው መኪና

"መብራቷን ብቻ አጥፋልኝ" የሚል ደንበኛ ሲመጣ ደሜ ይፈላል። መኪናው አሞኛል እያለው ነው፤ እሱ ግን አፉን እንድዘጋለት ወደ እኔ ይመጣል። ሰበታ ውስጥ ዳሽቦርድ ፈትቶ አምፖል የሚነቅል፣ ካልሆነም ጥቁር ፕላስተር ለጥፎ "ተሰርቷል" የሚል ኤሌክትሪሺያን ሞልቷል። እኔ አልሰራውም። በዚህ ጠባዬ ስንት ደንበኛ እንዳባረርኩ የሚያውቁት የጋራዡ ባለቤት ኦቦ ጋሮማ ናቸው። ጠዋት ገና "አካም ቡልቴ" ብለውኝ ሳይጨርሱ "ሉቃስ፣ ሰው ሲመጣ ፊትህን ፍታ እንጂ" ይሉኛል። እኔም እሺ እላለሁ፤ ከዚያ አንዱ መጥቶ መብራት አጥፋልኝ ይላል፣ ፊቴ ተመልሶ ይቋጠራል።

ሐጂ ከድሩ ያቺን ቀይ መኪና ይዘው ሲመጡ ያሉኝም ይህንኑ ነው።

ሐጂን እዚህ የማያውቅ የለም። ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና በጅምላ ያከፋፍላሉ፤ አንዱ ሱቃቸው ሰበታ ገበያው አጠገብ፣ ሌላው ቡራዩ ነው። መኪናዋን ከአንድ ኤምባሲ ጨረታ የገዟት አትርፈው ሊሸጧት ነበር። ማን ይግዛት! ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትጭነው፤ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው፤ የእኛን መንገድ ደግሞ የምናውቀው ነው። ሞተሯ ሲነሳ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ያያል፤ አንድ ካርቶን ሳሙና ጫኚ ብትባል ግን ቦታ የላትም። ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ስትከርም ትልቋ ልጃቸው ሲድራ ወደደቻት። ሐጂ የቡራዩን ሱቅ ለሲድራ ሲሰጡ መኪናዋንም አብረው ሰጧት። ሴት ልጅ በዚያች መኪና ሰበታን ስታቋርጥ ያላወራ ሰው አልነበረም፤ ሐጂ ግን ያኔ ኮርተውባት እንደነበር እኔ ራሴ አይቻለሁ።

"አሁን አበቃ" አሉኝ፣ መኪናዋን ሳያዩ። "ከሱሉልታ ስትመለስ ጠመዝማዛው ላይ ቦይ ውስጥ ከተተቻት። ወንድሟ አክመል እግሩ ተሰብሮ ይኸው እስካሁን በክራንች ነው። ፍጥነት ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል! ቦዲውን አሰርቼ ጨርሻለሁ። አንተ ይቺን ቢጫ መብራት አጥፋልኝና ልሽጣት።"

"ሐጂ፣ መብራቷ ያለ ምክንያት አትበራም።"

"ምክንያቱማ ግጭቱ ነው።"

"ከግጭቱ በፊት በርታ አታውቅም?"

"እሷ ትበራ ነበር ትላለች። ሰበብ ነው፤ ያጠፋ ሰው ሰበብ አያጣም።"

ስለዚህች መብራት ትንሽ ልናገር። የምትንሸራተት መኪና ምስል ያለባት ናት። መኪና ኩርባ ላይ ሲያመልጥ እያንዳንዱን ጎማ ለብቻው እየያዘ ወደ መስመሩ የሚመልስ ሲስተም አለ፤ እኛ ኢኤስሲ እንለዋለን። ሾፌሩ መሪውን ወዴት እንዳዞረ አንድ ሴንሰር ይነግረዋል፤ መኪናው በእርግጥ ወዴት እየዞረ እንደሆነ ደግሞ ሌላ ሴንሰር ይነግረዋል። ሁለቱ ካልተስማሙ ሾፌሩን መኪናው አምልጦታል ብሎ ፍሬን በራሱ ይይዛል። ነገሩ ጨርሶ ግራ ሲገባው ራሱን ያጠፋና መብራቷን ያበራል። በጣም ጥሩ ሲስተም ነው። ሰው ያድናል። የሚያምነው ግን የነገሩትን ነው፤ በመስኮት አጮልቆ መንገዱን አያይም።

በማግስቱ ሲድራ ራሷ በባጃጅ መጣች። ፊቷ ጠቁሯል፤ ሻርፗን በጣቷ ስትጠቀልል ስትፈታ ነበር።

"አባቴ መብራቱን አጥፋ ብሎሃል አይደል? እንዳታጠፋው፣ በናትህ።"

"አላጠፋም። ምን እንደሆነ ንገሪኝ።"

"የመጀመሪያ ሰሞን ምንም አልነበረባትም፤ መሪዋ ራሱ ደስ ይላል። ከዚያ ኩርባ ላይ ትነጥቀኝ ጀመር። ወደ ግራ ትንሽ ሳዞር እሷ ከእኔ በላይ ወደ ግራ ትዞራለች። የሆነ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ አብሮኝ መሪውን የሚጎትት ነው የሚመስለው። ለአባቴ ነገርኩት፣ 'ቀስ ብለሽ ንጂ' አለኝ። ለአንድ መካኒክ ባሳየው ሳቀብኝ፤ 'እህቴ፣ ስፖርት መኪና ጉልበት ይፈልጋል' አይለኝ መሰለህ!"

ያንን መካኒክ በዚያች ሰዓት ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር።

"የዚያን ቀን ዝናብ ነበር" አለች። "ሱሉልታ አክስታችን ጋ ደርሼ ስመለስ፣ አክመልን እዚያው አገኘሁትና አብሬሽ ልሂድ አለኝ። ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው፣ ወላሂ። ኩርባው ላይ ኋላዋ ዞረ፣ ከዚያ ቦይ ውስጥ ነን። ስልኬ ደቀቀ፤ የአክመል ባትሪ አልቋል። ዝናቡ ላይ ቁጭ ብለን መኪና ብንለምን ማንም አይቆምም። እሱ እግሩን ይዞ ይጮሃል፣ እኔ እጄን እያወዛወዝኩ... መጨረሻ ላይ አንድ የሚኒባስ ሾፌር አዘነልን። ሐኪሙ ቶሎ ብትመጡ ጥሩ ነበር አለን። ከእንግዲህ ማነከሱ አይቀርም።"

ሻርፗን ለቀቀችው።

"የቡራዩን ሱቅ አባቴ ለአጎቴ ልጅ ለኡበይድ ሊሰጠው ነው። እሱም ይሁን። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ እኔ ነኝ ወይስ መኪናዋ ናት? እኔ ከሆንኩ እኔ ነኝ በለኝ፣ ሁለተኛ መሪ አልነካም። አክመል ሲያነክስ ባየሁ ቁጥር እኮ የማየው እጄን ነው። አባቴ የትም ብሄድ የት እንዳለሁ ያውቃል፤ ዘመድ የሌለው ቦታ የለም። አንድ ቀን እንኳ ስትበር አየኋት ያለው ሰው የለም። ታዲያ ለምን አያምነኝም?"

አንጀቴን በላችኝ። ቢሆንም ባዶ ተስፋ መስጠት አልወድም፤ እውነቱን ለመናገር ወጣት ልጅ ፈጣን መኪና ይዛ ብትጋጭ የመጀመሪያ ግምቴ ከአባቷ የተለየ አልነበረም። "የማገኘውን እነግርሻለሁ" አልኳት። "ቢመርም።"

ኮምፒውተር አድርጌ ሳያት የመጣው ስህተት አንድ ዓይነት ነው፤ የመሪውና የመኪናዋ አዟዟር አይስማሙም ይላል። በመጀመሪያ ጎማዎቹ ላይ ያሉትን ሴንሰሮች አንድ በአንድ ፈትቼ አጸዳሁ፣ ሽቦዎቹን ለካሁ። ደህና ናቸው። ቀጥሎ የመሪውን ሴንሰር ጠረጠርኩ፤ ከግጭት በኋላ ጎማ ሲስተካከል መሪው ትንሽ ይጣመማል፣ ሴንሰሩም ቀጥታ የቱ እንደሆነ ይጠፋዋል። መሪውን አስተካክዬ ቀጥታ ይሄ ነው ብዬ አስተማርኩት። መብራቷ ጠፋች። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ከፋኝ። ይሄ ጣጣ የመጣው ከግጭቱ በኋላ ከሆነ ለሲድራ የምነግራት ደህና ነገር የለኝም ማለት ነው።

ልሞክራት ወደ ተፍኪ ይዣት ወጣሁ። መንገዱ ሜዳ ላይ የተዘረጋ ስለሆነ ቀጥ ብላ ሄደች፤ መብራት የለ፣ ምን የለ። ተፍኪ ስደርስ ዳር ይዤ እንደቆምኩ ስልኬ ጮኸ። ሐጂ ናቸው።

"ሉቃስ፣ ተፍኪ ምን ትሰራለህ?"

"እየሞከርኳት ነው፣ ሐጂ።"

"እሺ። ብዙ አትራቅ።"

ማን አይቶኝ ነገራቸው ብዬ ዙሪያዬን ቃኘሁ። ሁለት አህዮችና አንድ የተዘጋ ሻይ ቤት ነው ያለው። ሲድራ ስለ ዘመዶቻቸው ብዛት ያለችኝ ትዝ ብሎኝ ሳቅኩና ተውኩት።

ስመለስ ወደ አንድ ፋብሪካ የሚያስገባ አስፋልት አለ፤ መግቢያው ላይ ወደ ግራ ጠበቅ ያለ ኩርባ አለው። እስኪ በዚህም ልያት ብዬ ገባሁ። ብዙም አልፈጠንኩም። መሪውን ወደ ግራ እንዳዞርኩ ከስር ጎማው ተይዞ "ኩርርር" አለ፣ መኪናዋ ከእኔ በላይ ወደ ግራ ታጠፈች፣ ኋላዋ ወደ ውጭ ሸሸ። ወደ ቀኝ መልሼ ይዣት፣ ግማሽ ጎማዋ ሣር ላይ ሆና ቆመች። ቢጫዋ መብራት በርታለች። ደረቅ መንገድ ነው፣ ጠዋት ነው፣ እኔ ደግሞ ከመኪና ጋር ስሟገት የኖርኩ ሰው ነኝ። ያቺ ልጅ በዝናብ፣ ቁልቁለት ላይ፣ ወንድሟን ይዛ...

"ጌታ ሆይ" አልኩ ጮክ ብዬ፣ "እውነቷን ነው!"

የማስተማሬ ነገር አሞኝቶኝ ኖሯል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሁለቱ ሴንሰሮች የሚጣሉበት ነገር የለም፤ የሚጣሉት ሲዞሩ ነው። ላፕቶፑን አጠገቤ ከፍቼ እንደ ኤሊ እየተጎተትኩ ግራ አዞርኳት። መሪው ግራ ይላል። የመኪናዋን አዟዟር የሚናገረው ሴንሰር ግን ቀኝ ይላል። ቀኝ አዞርኳት፣ ግራ አለ። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ልጅቷ ወደ ግራ ታዞራለች፤ ሲስተሙ መኪናዋ ወደ ቀኝ እያመለጠች ነው ይባላል፤ ሊያድናት ብሎ የግራውን ጎማ ይይዛል። እሷ ቀድሞውኑ ወደ ግራ እየዞረች ስለሆነ ያድናታል የተባለው ነገር ራሱ ይገለብጣታል።

ጋራዥ ስደርስ ወንበሮቹን አወጣሁ። ይህ ሴንሰር የሚቀመጠው በሁለቱ ወንበሮች መካከል፣ ከምንጣፉ ስር፣ አንዲት መደገፊያ ብረት ላይ ነው። ምንጣፉን ስገልጥ ከብረቷ በላይ የተቀመጠው ሌላ ነገር ሆነ። የክብሪት ቀፎ የምታክል ጥቁር ሳጥን፣ አረንጓዴ መብራቷን ብልጭ ድርግም እያደረገች። የገጠሟት ሰዎች ሴንሰሩን ለእሷ ቦታ ሲሉ ፈትተው ከብረቷ ስር፣ በሆዱ ገልብጠው አስረውታል። ላዩ ላይ "ወደ ላይ" የሚል ቀስት አለው፤ ቀስቱ መሬት መሬት ያያል።

ኦቦ ጋሮማ ከኋላዬ ጎንበስ ብለው አዩ። "ማል ታኤ? ምንድነው?"

"ጂፒኤስ ነው፣ ኦቦ። መኪናዋ የት እንዳለች በስልክ የሚያሳይ። ሲም ካርድ አለው።"

"ማን አስገጠመው?"

የተፍኪው ስልክ ትዝ አለኝ። ሁለቱ አህዮች ንጹህ ናቸው። ሲድራ በየመንገዱ አለ ያለችው ዘመድ ሁሉ ይቺ ሳጥን ናት።

ሴንሰሩን ቀስቱን ወደ ላይ አድርጌ በቦታው አሰርኩት፣ አስተማርኩት፣ ያንኑ የፋብሪካውን ኩርባ ደጋግሜ ዞርኩበት። መኪናዋ እንደ ጨዋ ሰው ታዘዘች። ከዚያ ለሐጂ ደወልኩ። ለሲድራም ደወልኩ። ማን እንደሚቀድም አላውቅም ነበር፤ ሐጂ ቀደሙ።

ሳጥኗን የመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጠበቅኳቸው። የራሷ ትንሽ ባትሪ ስላላት አሁንም ብልጭ ትላለች። ሐጂ ሲያዩዋት እጃቸው ወደ ኪሳቸው፣ ወደ ስልካቸው ሄደና ተመለሰ።

ሁሉንም አስረዳኋቸው። ሴንሰሩን እንዴት እንደገለበጡት፣ መኪናዋ ግራውን ቀኝ እንዴት እንደምትል፣ እኔም ራሴ ሣር ውስጥ እንደገባሁ። ላፕቶፑን ከፍቼ አሳየኋቸው። ኦቦ ጋሮማ ወንበር አቀረቡላቸው፤ አልተቀመጡም።

"የቡራዩን ሱቅ ከሰጠኋት በኋላ ነው ያስገጠምኩት" አሉ በመጨረሻ። "ለሌባ ብዬ ነው።"

ሳጥኗን ወደ እሳቸው ገፋ አደረግኳት።

"ለሌባ አይደለም" አሉ ራሳቸው መልሰው። "እናቷ ከሞተች ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። መንገዱን ታውቀዋለህ፤ ጊዜውን ታውቀዋለህ። ስልኬ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ሆና ትታየኛለች፤ ሱቋ ስትደርስ ያኔ ቁርሴ ይዋጥልኛል።" ፊታቸውን አበሱ። "ሉቃስ፣ ልጄ፣ ይሄን ሳጥን አውጣና ጣለው። መኪናዋ ናት በላት፤ ድሮም ከኤምባሲው ስትመጣ እንዲህ ነበረች በላት። ልጄ ነጻ ትውጣ፣ በቃ። ሌላውን ለምን ትሰማለች?"

አዘንኩላቸው፤ ግን ደግሞ ተናደድኩ፤ የትኛው እንደበለጠ አላውቅም።

"ሐጂ" አልኳቸው፣ "አንቱ አባቴ ኖት፣ አከብርዎታለሁ። አምፖል ነቃይ ግን አይደለሁም።"

ባጃጁ በር ላይ ሲቆም ድምፁን ሰማን።

ሲድራ ስትገባ አባቷን አላየችም። ቀጥታ ወደ እኔ መጣች። "እኔ ነኝ?"

ቃል ገብቼላታለሁ። አፌን ልከፍት ስል ሐጂ ቀደሙኝ።

"አንቺ አይደለሽም" አሉ። "አንቺ አይደለሽም፣ ልጄ። ምንም አላጠፋሽም።"

ኦቦ ጋሮማ እንዳትወድቅ ክንዷን ያዙ። ስታለቅስ ድምፅ አልነበራትም፤ እንባዋ ብቻ ይወርዳል። እኔም ዓይኔን ወደ መኪናዋ መለስኩ። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ "ታዲያ ምንድነው?" አለች።

ሐጂ ሳጥኗን አንስተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡና ዘረጉላት። አልደበቁም። ሁሉንም እሳቸው ነገሯት፤ እኔ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ሲድራ ብልጭ የምትለውን መብራት ረጅም ጊዜ አየቻት።

"ዘመድ አይደለም ማለት ነው" አለች ቀስ ብላ። "ይቺ ናት።"

"እሷ ናት።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ።"

የሆነ ነገር ስታስብ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። እኔ ገና አልገባኝም ነበር።

"የዚያን ቀንም ታየኝ ነበር? ዝናቡ ላይ ቁጭ ብለን?"

እኚህ ገበያ መሃል ሲቆጡ ሰው የሚበተንላቸው ሰውዬ ልጃቸው ፊት አንገታቸውን ደፉ።

"ነጥቧ ቆማ አየኋት" አሉ። "ቆመች፣ ቆመች፣ አልነቃነቅ አለች። አክመል አብሮሽ መሆኑን አላወቅኩም። ከ... ከወንድ ጋር የቆምሽ መሰለኝ። ተናደድኩ። ስትመጪ አናግርሻለሁ ብዬ ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። ሸሪኮቼ ጋር ተቀምጬ ሻይ ጠጣሁ።" ሳጥኗን ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጧት። "ልጆቼ ቦይ ውስጥ ሆነው እኔ ሻይ ጠጣሁ። ያጠፋ ሰው ሰበብ አያጣም እያልኩ ስጮህብሽ የከረምኩት ይሄን ይዤ ነው።"

እኔ ሾልኮ መውጣት እንደፈለገ ሰው መውጫ በሩን አየሁ፤ እግሬ ግን አልታዘዘኝም። ሲድራ ትጮህባቸዋለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትጮህ እኔም እፈርድላት ነበር። እሷ ግን ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች።

"ሉቃስ፣ ተስተካክላለች?"

"እናቴን እጭንባታለሁ።"

"ግባ፣ አባ።"

"ወዴት?"

"ሱሉልታ። ያንን ኩርባ ከአጠገቤ ተቀምጠህ እየው።"

ሐጂ ያቺ መኪና ውስጥ ገብተው አያውቁም ነበር መሰለኝ። ጀለቢያቸውን ሰብስበው፣ አንዴ በጭንቅላት አንዴ በእግር ሞክረው፣ በመጨረሻ ኦቦ ጋሮማ ደግፈው አስቀመጧቸው። ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ምንም አልቀረው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ሲድራ ቀበቷቸውን ራሷ ሳበችና አሰረችላቸው፣ ልክ ለሕፃን እንደሚታሰር፤ ፊታቸውን ግን አላየችም። ሞተሩን አስነሳች። መኪናዋ ጉድጓዶቹን እየመረጠች፣ ቀስ ብላ ወጥታ አስፋልቱ ላይ ወደ ግራ ታጠፈች። ቢጫ መብራት እንዳልበራ ከቆምኩበት ሆኜ ማየት አልችልም ነበር፤ ግን እርግጠኛ ነበርኩ።

ወደ ጠረጴዛዬ ስመለስ ሳጥኗ ሐጂ ያስቀመጧት ቦታ ላይ ብልጭ ድርግም ትላለች። አጠገቧ ስልካቸው ተቀምጧል፤ ከሳጥኗ ጋር አስተካክለው፣ ጎን ለጎን። ስክሪኑ ገና አልጠፋም። ካርታው ላይ ሰማያዊዋ ነጥብ እኛ ጋራዥ ውስጥ ቆማለች።

"ዋቃዮ! ሐጂ ስልካቸውን ረስተዋል" አሉ ኦቦ ጋሮማ ወደ በሩ እየተጣደፉ። "ሩጥ፣ ባቡር ማቋረጫው ጋ ትደርስባቸዋለህ።"

"አልረሱትም፣ ኦቦ" አልኳቸው።